ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የበረዶን ወራት ማለፍ፦ ዝርዝር መመሪያ

በረዶ በሚጥልበት አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በረዶ ላይ ይሄዳል ወይ?» ብሎ ነው። ይሄዳል። እንዲያውም ጥሩ ይሄዳል። ከባዱ ባትሪ ወለሉ ሥር ስለተዘረጋ መኪናው መሬት ቆንጥጦ ይይዛል። ሞተሩም ለጎማው የሚሰጠውን ጉልበት በጣም በትንሽ በትንሹ መመጠን ይችላል። ኖርዌይ በረዶና ብርድ የማይለያት አገር ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ሙቀቱ ከየት ይመጣል? የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ብክነት ነው፤ ብርድ ሲሆን ግን ያ ሙቀት የመኪናውን ውስጥ በነፃ ያሞቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲህ አያባክንም። ስለዚህ እናንተን የሚያሞቀው፣ መስታወቱን የሚያቀልጠው፣ ባትሪውን ራሱን የሚያሞቀው ኃይል ሁሉ ከዚያው ከምትነዱበት ባትሪ ይቀነሳል። ትልቅ ባትሪ ያለው መኪና ይህን ሳይሰማው ያልፈዋል። ትንሹ መኪና ግን ይሰማዋል። እኔ ለሰው ሁሉ የምመክረው ነገር አንድ ነው፦ ሙቀቱን መኪናው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሳለ ውሰዱ፤ ባትሪውን ለመንገዱ አቆዩት። የሚከተሉት ደረጃዎች በሙሉ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሳትገዙ በፊት የብርዱን ሒሳብ ሥሩ

ሻጩ የሚነግራችሁ ርቀት በብርድ ቀን የምታገኙት ርቀት አይደለም። ትሪፕል ኤ በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ፈትሾ ነበር። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ፣ ማሞቂያ ተከፍቶ ሲነዱ፣ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ 41 በመቶ ቀነሰ። ማሞቂያው ሲዘጋ ግን የቀነሰው 12 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ርቀቱን በዋናነት የሚበላው ማሞቂያው ነው።

ስለዚህ የተጻፈውን ርቀት በ0.6 አባዙት። 270 ኪሎ ሜትር የተባለለት መኪና 160 ገደማ ይሆናል። ያገለገለ ከሆነና ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ 85 በመቶ ከቀረው ወደ 135 ይወርዳል። ከዚያ ላይ ለድንገተኛ ነገር አንድ አምስተኛውን አስቀምጡ። መንገድ ሊዘጋ፣ ቻርጀር ሊበላሽ፣ አውሎ ነፋስ ሊነሳ ይችላል። በእጃችሁ የሚቀረው 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየቀኑ ደርሶ መልስ የምትነዱት ከዚህ በታች ከሆነ ሐሳብ አይግባችሁ። ከዚህ በላይ ከሆነ ወይ የተሻለ ባትሪ ያለው ፈልጉ፣ ወይም በሥራ ቦታችሁ ቻርጅ ማድረጊያ መኖሩን አረጋግጡ።

አንድ ብዙ ሰው የማይገነዘበው ነገር አለ። በብርድ ወቅት ከረጅም መንገድ ይልቅ አጫጭር ጉዞዎች በኪሎ ሜትር ብዙ ይበላሉ። ከተማ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ መኪና ለመንዳት ብቻ 6 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። የቀዘቀዘ መኪና ሲነሳ ደግሞ ማሞቂያው ብቻውን 5 ኪሎዋት ሊስብ ይችላል። ለአሥር ደቂቃ ጉዞ ከሆነ ግማሽ የሚጠጋውን ኃይል የሚወስደው ማሞቂያው ነው ማለት ይቻላል። መኪናው ሞቅ ሲል ትደርሳላችሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ ስትመለሱ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሐኪም ቤቱን በአንድ መውጫ ማያያዝ ከየትኛውም የአነዳድ ብልሃት በላይ ይጠቅማል።

ደረጃ 2፦ መኪናው ለብርድ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጡ

አንድ ዓይነት ስምና ቀለም ያላቸው ሁለት መኪኖች በብርድ ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ከውጭ የማይታዩ ዕቃዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ሂት ፓምፕ ነው። ተራ ማሞቂያ 1 ኪሎዋት ወስዶ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ሂት ፓምፕ ግን ከውጭው አየር ሙቀት ስለሚሰበስብ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በ1 ኪሎዋት ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት የሚሆን ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ብርዱ በጣም ሲጠነክር ጥቅሙ ይቀንስና ተራው ማሞቂያ ያግዘዋል። የብርድ ወራታችሁ በአብዛኛው ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ የማይወርድ ከሆነ ሂት ፓምፕ ያለውን አጥብቃችሁ ፈልጉ። ሬኖ ዞኢ ላይ የተለመደ ነው። ፎልክስዋገን አይዲ 3 ላይ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2023 የተሠራው ሸቭሮሌ ቦልት ግን የለውም። ሃዩንዳይ ኮና ላይ እንደየአገሩ ይለያያል። ስለዚህ የመኪናውን ስም ሳይሆን ያንን መኪና ራሱን ነው የምታጣሩት።

ሁለተኛው የሚሞቅ ወንበርና የሚሞቅ መሪ ነው። እንደ ቅንጦት አትዩት። የወንበር ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት አይበልጥም፤ አየሩን ለማሞቅ ግን ብዙ ሺህ ዋት ይሄዳል። ጀርባና እጅ ከሞቀ አየሩን በ18 ዲግሪ ይዞ በምቾት መንዳት ይቻላል።

ሦስተኛው ባትሪው የሚሞቅበት መንገድ ነው። በፈሳሽ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ባትሪ ለበረዶ አካባቢ ይሻላል። የኒሳን ሊፍ የመጀመሪያ ሁለት ትውልዶች ይህ የላቸውም። በርካሽ ስለሚገኙ ለከተማ ውስጥ ሥራ በጣም ጥሩ ናቸው፤ በብርድ ቀን ረጅም መንገድ ሄዶ በፈጣን ቻርጀር መሙላት ለሚያዘወትር ሰው ግን አልመክራቸውም። እነዚህን ሊፎች የሚሞላው ቻዴሞ የተባለው ፈጣን ቻርጀርም በብዙ አገር እየቀነሰ ነው።

አራተኛ፣ ባትሪው ኤልኤፍፒ የተባለው ዓይነት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ዕድሜው ረጅም ነው፤ በእሳት በኩልም የተረጋጋ ነው። ነገር ግን ብርድ ላይ ቻርጅ መቀበል ይከብደዋል። ቤታችሁ ሞቅ ያለ ጋራዥ ካለ ችግር የለውም። ሁልጊዜ ውጭ የሚያድር ከሆነ ግን ባትሪውን ቀድሞ የሚያሞቅ መኪና ይሁን።

ደረጃ 3፦ የቤት ቻርጅን አስተካክሉ

ይህ ደረጃ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ አይሠራም።

ብርድ ላይ የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደረጋ ማር ይከብዳል፤ ኃይል የሚያንቀሳቅሱት አዮኖች በቀላሉ አያልፉም። ከዜሮ በታች ሆኖ በኃይል ቻርጅ ከተደረገ ደግሞ ሊቲየሙ ወደ ቦታው መግባቱን ትቶ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። ያ ጉዳት አይመለስም። መኪናው ይህን ስለሚያውቅ የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል ወይም መጀመሪያ ባትሪውን ያሞቃል። ቀዝቃዛ መኪና ሰክታችሁ ፐርሰንቱ ንቅንቅ አልል ቢል ወዲያው ብልሽት ነው አትበሉ። ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ተራ ሶኬት ይበቃል ወይ? በ120 ቮልት የሚሠራ አገር ውስጥ ተራ ሶኬት የሚሰጠው 1.4 ኪሎዋት ያህል ነው። በስምንት ሰዓት 11 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በሞቃት ወራት ለብዙ ሰው ይበቃል። በጠንካራ ብርድ ግን ከዚያ ላይ ብዙው ባትሪውን በማሞቅ ያልቅና ጠዋት የምታገኙት ትንሽ ነው። በ230 ቮልት አገር ተራው ሶኬት ይሻላል። ከተቻለ ግን በባለሙያ የተገጠመ 7 ኪሎዋት ገደማ የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ይኑራችሁ። እሱ በአንድ ሌሊት ትንሽ መኪናን ሙሉ በሙሉ ይሞላል። ጠዋትም ማሞቂያው የሚፈልገውን ኃይል ያለ ባትሪው እርዳታ ይችላል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ተጠቅማችሁ በረዶ ላይ አትዘርጉ፤ ገመዱ ሊግልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቤት እንደደረሳችሁ ወዲያው ሰኩ። ባትሪው ከመንገድ ሞቅ ብሎ ስለመጣ ቻርጅ በደንብ ይቀበላል። ኤሌክትሪክ ማታ የሚረክስበት ቦታ ከሆነና ማዘግየት ከፈለጋችሁ፣ ቻርጁ የሚያልቀው ልትወጡ ስትሉ እንዲሆን ሰዓቱን አስተካክሉ። ያኔም ባትሪው ሞቆ ይጠብቃችኋል። ብርዱ የበረታ ቀን ፐርሰንቱ በቂ ቢሆንም መኪናው እንደተሰካ ይደር።

የቻርጅ አፉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥበት ገብቶ ከረጋ ክዳኑ አይከፈትም፤ ወይም ሶኬቱ ተቆልፎ አልላቀቅ ይላል። ፈልቶ የወረደ ውኃ በፍጹም እንዳታፈሱበት። ውኃው ተመልሶ ይረጋል፣ ፕላስቲኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። የመኪናውን ውስጥ ማሞቅ፣ በእጅ መዳፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በረዶ እየጣለ ውጭ የምትሞሉ ከሆነ አፉን የሚሸፍን ልባስ ግዙ። ገመዱን ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። በረዶ ጠራጊ መኪና ሲያልፍ በረዶ ውስጥ የተቀበረ ገመድ አይታየውም።

ደረጃ 4፦ ጎማ

በዚህ ላይ አልደራደርም። የበረዶ ጎማ ግዙ። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መሬት መያዝ ያቅተዋል። በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና መሐሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምረጡ። እሱ በረዶ ላይ የተፈተነ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ይህን አያረጋግጥም።

ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪው ምክንያት ከቤንዚን እኩዮቻቸው ይከብዳሉ። ስለዚህ የምትገዙት ጎማ የሚሸከመው ክብደት በመኪናው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው በታች እንዳይሆን። የጎማው ጥርስ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ በረዶ ላይ አትመኑት። ሰንሰለት ከመግዛታችሁ በፊትም መጽሐፉን አንብቡ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰንሰለት የማይፈቅድ መኪና አለ።

ንፋሱን ቶሎ ቶሎ ለኩ። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የጎማ ንፋስ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። የላላ ጎማ መሬት ላይ ይጎተታል፤ ባትሪም ይበላል።

ደረጃ 5፦ የጠዋት ሥርዓት

የመኪናውን አፕ ከፍታችሁ የምትወጡበትን ሰዓት አንድ ጊዜ መዝግቡ። በየቀኑ ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት መኪናው ራሱን ያሞቃል። መሰካቱን ግን አረጋግጡ። ተሰክቶ ሲሞቅ ኃይሉ ከቤት መስመር ይመጣል። ሳይሰካ ከሞቀ ከባትሪው ይወስዳል፤ ያም ሆኖ መስታወቱ ቀልጦ፣ ውስጡ ሞቆ መነሳት ለደኅንነት ስለሚጠቅም አስከፊ አይደለም። በአንዳንድ መኪና ይህ ትእዛዝ የሚያሞቀው የመኪናውን ውስጥ ብቻ ነው። በሌላው ባትሪውንም ያሞቃል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መጽሐፉ ላይ አለ።

ከዚያ በረዶውን ጥረጉ። ጣሪያው ላይ የተከመረው ፍሬን ስትይዙ ተንሸራቶ የፊት መስታወታችሁን ይሸፍናል፤ ወይም ከኋላ የሚመጣው ሰው ላይ ይወርዳል። መብራቶቹን፣ ካሜራዎቹን፣ ከፊት ያሉትን ሴንሰሮች አጽዱ። የቤንዚን መኪና ሞተር ኮፈኑን ያሞቀዋል። የእናንተ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ በረዶው በራሱ አይቀልጥም። የፊት መብራት በዚህ ምክንያት መንገድ ላይ እየተሸፈነ ይሄዳል፤ ረጅም ጉዞ ላይ ቆም ብላችሁ ማየት ይኖርባችኋል።

መስታወቱ ከውስጥ ጉም ከለበሰ አየሩን ከውጭ አስገቡ። ኃይል ለመቆጠብ ብሎ የውስጡን አየር ብቻ ማዞር እርጥበቱን ያከማቻል። ጫማችሁ ላይ ያለውን በረዶ ከመግባታችሁ በፊት ማራገፍም እዚህ ላይ ይረዳል።

ደረጃ 6፦ አነዳድ

የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ወዲያው ነው የሚሰጠው። በረዶ ላይ ፔዳሉን ጫን ካላችሁ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ኢኮ የሚለውን አነዳድ ምረጡ፤ ፔዳሉን ያለዝበዋል።

የበለጠ ትኩረት የሚፈልገው ፔዳሉን ስትለቁ የሚሆነው ነው። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናውን ይይዘዋል፤ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ደረቅ መንገድ ላይ ደስ ይላል። የሚያዳልጥ መንገድ ላይ ግን የሚይዘው ሞተሩ ያለበትን ጎማ ብቻ ነው። ሞተሩ ፊት ከሆነ ድንገት ስትለቁት የፊት ጎማ ሊንሸራተትና መሪው አልታዘዝ ሊል ይችላል። ሞተሩ ኋላ ከሆነ ደግሞ ኋላው ይወረወራል። መኪናው ይህን የሚቆጣጠር ሥርዓት አለው፤ ሆኖም ሥራ አታብዙበት። የሚያዳልጥ ቀን የመያዙን ኃይል ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። እግራችሁንም ቀስ ብላችሁ አንሱ።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ባትሪው ቀዝቃዛ ወይም ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ፔዳሉን ስትለቁ መኪናው እንደ ትናንቱ አይቀንስም። ከቤት ስትወጡ ቁልቁለት ካለ እግራችሁ ወደ ፍሬኑ ቅርብ ይሁን።

ፈጣን መንገድ ላይ ፍጥነት መቀነስ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዋጋ አለው። ቀዝቃዛ አየር የታመቀ ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ ከዜሮ በታች 10 ሲወርድ ጥግግቱ በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መኪናው የሚገፋው አየር ያንን ያህል ይከብደዋል። መንገዱ የሚቀልጥ በረዶና ጭቃ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ደረጃ 7፦ ረጅም መንገድና ፈጣን ቻርጀር

ቀዝቃዛ ባትሪ ይዞ ፈጣን ቻርጀር ላይ መቆም በበረዶ ወቅት ከሚያናድዱ ነገሮች ዋናው ነው። 20 ደቂቃ የሚፈጀው አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ባትሪውን ሞቅ አድርጎ መድረስ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ቻርጀሩን በመኪናው ካርታ መዳረሻ አድርጋችሁ ስትመርጡ ባትሪው ከመድረሳችሁ በፊት ራሱን ማሞቅ ይጀምራል። በስልካችሁ ካርታ ብቻ ከሄዳችሁ መኪናው ምንም አያውቅም።

ይህ የሌለው መኪና ከሆነ ጠዋት እንደወጣችሁ ሳይሆን ረዘም ያለ መንገድ ከነዳችሁ በኋላ ሙሉ። ሆቴል ካደራችሁም ማታ ስትደርሱ፣ ባትሪው ገና ሞቅ እንዳለ መሙላት ከጠዋት ይሻላል። ሁልጊዜ ከምትሄዱበት ቻርጀር ሌላ የሚደረስበት ሁለተኛ ይኑራችሁ። ሲቀራችሁ 10 በመቶ ላይ ሳይሆን 25 በመቶ ላይ ቁሙ።

ደረጃ 8፦ በረዶ ውስጥ ብትያዙ

መንገድ ተዘግቶ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ማሳለፍ ሊመጣ ይችላል። የሚፈራውን ያህል አይደለም። መኪናው አንዴ ከሞቀ በኋላ ሙቀቱን ለመጠበቅ በመጠነኛ ብርድ ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ይበቃዋል። 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ግማሽ ቢሆን እንኳ 20 አለ፤ ያም ከ10 ሰዓት በላይ ይዘልቃል። ወንበሩን ብቻ ካሞቃችሁና ብርድ ልብስ ካላችሁ ደግሞ ከዚያም በላይ። የቤንዚን መኪና ጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰው ይገድላል። የእናንተ መኪና ጭስ ስለሌለው ማሞቂያው እየሠራ መተኛት ይቻላል። ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኋላ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡት አካፋ፣ የበረዶ መፋቂያ፣ ብርድ ልብስ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ውኃ፣ ጎማ ሥር የሚበተን አሸዋ እና ትንሿን ባትሪ የምታስነሱበት ቡስተር ናቸው። ትንሿ ባትሪ ያልኳት ባለ 12 ቮልቷን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል አላት። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምታስነሳው፣ ትልቁን ባትሪ የምታገናኘው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ መኪናው አይነሳም። ብርድ ደግሞ ያረጀችውን ቶሎ ይጥላታል። ስለዚህ ከብርዱ ወራት በፊት አስፈትሿት። በእናንተ መኪና የሌላ ሰው መኪና ለማስነሳት ከመሞከራችሁ በፊት መጽሐፉን እዩ፤ ብዙዎቹ ይከለክላሉ። መኪናው መጎተት ካለበትም ጎማው መሬት እየነካ እንዳይጎተት ንገሩ፤ ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ።

ደረጃ 9፦ ጨውና ፍሬን

መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል። አየሩ ከዜሮ ከፍ ባለ ቀን የመኪናውን ሥር አሳጥቡ። ከታጠበ በኋላ የበሩንና የቻርጅ አፉን ጎማዎች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሲሊኮን ቀቡት። ያለዚያ በማግሥቱ በሩ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል።

ፍሬኑም ይረሳል። መኪናው በአብዛኛው በሞተሩ ስለሚቆም ዲስኩ ሳይነካ ይቆያል፤ ጨው ሲያገኘው ይዝጋል፣ የፍሬን ሸራ የሚንቀሳቀስበት ፒንም ይጣበቃል። በየሳምንቱ ደረቅና ባዶ መንገድ ላይ፣ ከኋላ ሰው አለመኖሩን አይታችሁ፣ ጥቂት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ። ማርሹን ኒውትራል ላይ ካደረጋችሁት ሞተሩ ስለማይይዝ ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል። የብርዱ ወራት ሲያልቁ ጎማ ለመቀየር ጋራዥ ስትሄዱ ቸርኬው መውለቁ ስለማይቀር መካኒኩ በዚያው ፒኖቹን አጽድቶ ቅባት ያድርግባቸው።